«ቦልት» እና «ብሎን» ዘመዳሞች ናቸው? ፈረሱስ ለምን «ቦልት» አደረገ?

የማታ አስተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ ቀን ጋራዥ ነው የሚውሉት። በቀደም አንድ አጭር ምንባብ ስናነብ «ዘ ሆርስ ቦልትድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመን። አንዱ ተማሪ ቀልጠፍ ብሎ «ፈረሱን በብሎን አሰሩት» ሲል ተረጎመው። ማንም አልሳቀበትም፤ ክፍሉ በሙሉ ቃሉን የሚያውቀው በዚያ ትርጉም ነዋ። ፈረሱ ግን ደንብሮ መሸሹ ነበር።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ የትርጉሙ ብዛት አስደነቀኝ። የብረት ማሰሪያ ይላል፣ የበር መወርወሪያ ይላል፣ መብረቅ ይላል፣ የጨርቅ ጣቃ ይላል፣ በርግጎ መሮጥ ይላል፣ ምግብን ሳያላምጡ መዋጥ ይላል፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይላል፣ ጎመን አገዳ ሲያወጣም ይባላል ይላል። ይባስ ብሎ ዱቄት መንፋትንም ይጨምራል።

ልጆቹን ይህን ሁሉ ሸምድዱ ማለት አልፈልግም። ሥሩን ካገኘን ቅርንጫፉ በራሱ ይመጣል ባይ ነኝ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ ቃል መነሻው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የኛ «ብሎን» ከእሱ የመጣ ነው ወይስ ሌላ?

አቤል ቃሊቲ

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። ብሎን ያው ቦልት ነው፣ ድምፁ ራሱ ይናገራል። ከፈረንጅ መኪና ጋር የገባ ቃል ነው።

ዮናስ ፍራንክፈርት

የማታ አስተማሪ፣ ሥሩ አለ፤ ደግሞም የሚያስደስት ሥር ነው። ቦልት መጀመሪያ ፍላጻ ነበር።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ቦልት» የሚባለው አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ከበድ ያለ ፍላጻ ነው። በእጅ ተወጥሮ የሚለቀቀው ቀጭኑና ረጅሙ ፍላጻ ሌላ ስም አለው። ቦልት ክሮስቦው ከሚሉት መሣሪያ የሚወጣው ነው፤ ቀስቱ በእንጨት ግንድ ላይ አግድም ይገጠማል፣ ጅማቱ ወደ ኋላ ተስቦ ይያዛል፣ ከዚያ በምላጭ ይለቀቃል። የጀርመኑ «ቦልትሰን» እና የሆላንዱ «ባውት» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ በምኖርበት አገር እስከ ዛሬ የዚያ ቀስት ፍላጻም ቦልትሰን ነው፣ ማሽን ውስጥ የሚገባው ድቡልቡል የብረት ዘንግም ቦልትሰን ነው።

አሁን ያንን ፍላጻ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙት። ሁለት ጠባይ አለው፦ ቅርጹና ፍጥነቱ። ከመዝገበ ቃላቱ ያወጣሃቸውን ትርጉሞች አንድ በአንድ ብታያቸው፣ ከአንዷ በቀር ሁሉም ከሁለቱ በአንዱ መንገድ የመጡ ናቸው።

በቅርጹ በኩል፦ አንድ ጫፉ ወፈር ያለ አጭር ዘንግ ስለሆነ፣ ሁለት ነገር የሚያያይዘው የብረት ዘንግ ስሙን ወሰደ። ልብ በሉ፣ ያኔ ጥርስ የለውም፤ እንጨትና ብረት አልፎ የሚገባ፣ ጫፉ የሚቀጠቀጥ ወይም ሽብልቅ የሚመታበት ዘንግ ነው። ጥርስ ያለው ኋላ መጣ። የበሩም መዝጊያ ዘንግ ነውና ቦልት ተባለ። በእንጨት ላይ የተጠቀለለው ጨርቅም እንዲሁ። «ቦልት አፕራይት» ተቀመጠ ሲሉ እንደ ፍላጻው ቀጥ ብሎ ማለታቸው ነው። ይኼኛው አባባል ቆየት ያለ ነው፤ የእንግሊዙ ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንዲት ወጣት ሴት ሲያሞግስ እንደ መርከብ ምሰሶ ረጅም፣ እንደ ቦልት ቀጥ ያለች ብሏታል።

በፍጥነቱ በኩል፦ ከሰማይ የሚወረወረው መብረቅ «ተንደርቦልት» ሆነ። እዚህ ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ መዝሙረ ዳዊት 17 ላይ እግዚአብሔር ፍላጻውን ሲልክና መብረቁን ሲያበዛ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከቀስት እንደተለቀቀ ፍላጻ የተፈተለከ ፈረስ «ቦልትድ»። ምግቡን ሳያላምጥ የሚልከው ሰው ምግቡን «ቦልት» አደረገ። ሙቀት ሲበዛበት በአንዴ አገዳ ሰዶ የሚያብብ ሰላጣና ጎመንም «ቦልት» ያደርጋል፤ ገበሬው አይወደውም፣ ቅጠሉ ይመርራልና።

የፍላጻው ትርጉም ከተረት ውስጥም አልጠፋም። «የሞኝ ቦልት ቶሎ ይወረወራል» የሚል የቆየ የእንግሊዞች ተረት አለ፤ ሞኝ ያለችውን አንዲት ፍላጻ ሳያነጣጥር ይጨርሳል ለማለት ነው። ዛሬ ያለ የሌለ አቅሙን አስቀድሞ የጨረሰን ሰው «ቦልቱን ተኩሷል» ይሉታል። የሚናገሩት ሰዎች ብዙዎቹ ፍላጻው ትዝ አይላቸውም።

ያቺ አንዷ ልዩ ዱቄት የምትነፋዋ ናት። እሷ ሌላ ቃል ናት፣ ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣች፣ ጽሕፈቷ ብቻ የገጠመ። ለልጆቹ ባትነሣባቸው ይሻላል።

የፍሬን ሰው

ልጅ አቤል፣ ድምፅ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ብሎን የእንግሊዝ ቃል አይደለም። ጣሊያንኛ ነው። ቡሎኔ ይሉታል፤ እኛም ዱሮ ቡሎን እንለው ነበር፣ አፍ እያሳጠረ ብሎን አደረገው።

ከማን ጋር እንደሚውል ተመልከቱት። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሊማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ። ከዚህ ሁሉ የእንግሊዝ የሆነ የለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን ላይ መንገድ ሲዘረጋና ካሚዮን ሲያግተለትል ጋራዡንም አብሮ አመጣው። ከጣሊያን ባለሙያ ሥር ዕቃ ሲያቀብል የዋለው ልጅ ሙያውን ከነስሙ ወሰደ፣ ለሚቀጥለውም ሰጠ። አሥመራ በኩልማ ከዚያም በፊት የተጀመረ ነው። እኔ የተማርኩት ከእነዚያ ልጆች ከአንዱ ነው፤ ሊቀ መካኒክ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

አሁን ስለ ዕቃው ልናገር። በእንግሊዝኛው የሙያ መጽሐፍ ቦልትና ስክሪው ይለያያሉ። ቦልት ሁለቱን ዕቃ አልፎ ሄዶ ማዶ በዳዶ የሚያዘው ነው። ስክሪው ዕቃው ውስጥ በወጣለት ጥርስ ራሱ ገብቶ የሚጠብቀው ነው። ሥራ ላይ ግን እነሱም ይቀላቅሉታል፤ የሞተር ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን የሚያስረው ብሎን ዳዶ የለውም፣ ብሎክ ውስጥ፣ ዋናው የሞተር አካል ውስጥ ነው የሚገባው፣ እንግሊዞቹ ግን ቦልት ይሉታል። እኛ ሁለቱንም ብሎን ብለን ተገላግለናል።

የማታ አስተማሪ፣ ልጆቹ ብሎን ይዘው ይምጡ፣ ራሱን ገልብጠው ያንብቡ፤ ከዚያ የተሻለ የእንግሊዝኛ ትምህርት የለም። 8.8 የሚል ካለበት የመጀመሪያው 8 ሲጎተት የሚበጠስበትን ጉልበት ይናገራል፣ 800 ሜጋፓስካል፤ የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ደግሞ ከዚያ 80 በመቶው ላይ፣ ማለትም 640 ላይ ሲደርስ እንደተለጠጠ ይቀራል ማለት ነው። 10.9 ከሆነ 1000 እና 900። የአሜሪካው ቁጥር የለውም፣ ሰረዝ ነው ያለው፤ ሦስት ሰረዝ ግሬድ 5፣ ስድስት ሰረዝ ግሬድ 8። ራሱ ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ብሎን ፍሬን ላይ የሚያስር ሰው የሰው ነፍስ ይዞ እየተጫወተ ነው። 10.9 ወጥቶ በቦታው ምልክት የሌለው የገባበት መኪና መጥቶልኝ ያውቃል፤ ብሎኑ መሐሉ ላይ እንደ ወገብ ቀጥኖ ነበር ያገኘሁት።

ሰናይት ሚላኖ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እዚህ ሚላኖ ብረታ ብረት ሱቅ ገብቼ «ቡሎኔ» ስል ያለ ምንም ማስረዳት ይሰጡኛል፣ «ዳዶ» ስልም እንዲሁ።

ጣሊያኖቹ ደግሞ ቡሎኔን ከፈረንሳዮች ነው ያገኙት። ፈረንሳይኛው «ቡሎን» ሲሆን የ«ቡል» ማሳነሻ ነው፤ ቡል ማለት ኳስ፣ ድቡልቡል ነገር። ራሱ ድቡልቡል የሆነ ሚስማር ስለነበር «ትንሿ ኳስ» ተባለ። የጥይት ስም የሆነው የእንግሊዞች «ቡሌት»ም ከዚያው ከኳሱ የተወለደ ነው። ስለዚህ ብሎን በሥጋ ዝምድና የሚቀርበው ለቡሌት ነው፤ ለቦልት ባዕድ ነው። ብሎን ስሙን ከድቡልቡል አናቱ አገኘ፣ ቦልት ከዘንጉ።

ዳዶ ደግሞ ጣሊያንኛው ላይ የቁማር ጠጠር ማለት ነው፣ ያ ስድስት ገጽ ያለው፣ ዳይስ የሚሉት። የመጀመሪያዎቹ ዳዶዎች አራት ማዕዘን ስለነበሩ መልካቸው እሱን ይመስላል።

አቤል ቃሊቲ

የሰማሁት አዲስ ነገር ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ሁለቱም በ«ብ» እና በ«ል» ድምፅ ጀምረው፣ ሁለቱም አንድ ዕቃ ሆነው፣ እንዴት አይዛመዱም?

ዮናስ ፍራንክፈርት

አቤል፣ እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ በየቋንቋው አለ። ዋናው መፈተኛ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ነው። ቦልትን ወደ ኋላ ስትከተለው ከጥንት ጀርመናዊ ነገዶች ቋንቋ ውስጥ ትገባለህ፣ ያገኘኸው ፍላጻ ነው። ብሎንን ስትከተለው በጣሊያንና በፈረንሳይ በኩል ላቲን ላይ ትደርሳለህ፣ «ቡላ»፣ የውሃ አረፋ። እየራቅክ በሄድክ ቁጥር ይለያያሉ እንጂ አይቀራረቡም። ዘመድ ቢሆኑ ኖሮ ተቃራኒው ነበር የሚሆነው።

ትርሲት ሐዋሳ

እኔም አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን የጠቀማቸው አንድ መንገድ አለ፣ ለክፍልህ ይሆናል። ከቦልት በኋላ ምን እንደመጣ እዩ እላቸዋለሁ። «ቱ» መጥቶ የሚታሰርበት ነገር ካለ፣ ማሰር ነው፤ ሞተሩ ሻንሲው ላይ ታሰረ። በር ወይም መስኮት ተከትሎት ከመጣ መቀርቀር ነው። ምግብ ከመጣ መዋጥ ነው። ምንም ካልተከተለው፣ ወይም «አዌይ» እና «ኦፍ» ከተከተሉት፣ አድራጊው ራሱ ፈትለክ አለ ማለት ነው። ፈረሱ «ቦልትድ» ብሎ ነጥብ ከተደረገ ሮጧል።

«ፈረሱ ካመለጠ በኋላ ጋጣውን መዝጋት» የሚለውን አባባላቸውን ስናነብ፣ ልጆቹ ራሳቸው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቃሉ አልጠፋባቸውም።

ጽጌ ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ጣቃው ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ጨርቅ ቤት ስገባ ጨርቁ ሁለት ዓይነት ተጠቅልሎ አያለሁ። ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ታጥፎ የተጠቀለለው «ቦልት» ይባላል፤ ረጅም ቱቦ ላይ የተጠቀለለው «ሮል»። ሻጯ ቦልቱን ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ እያደረገች ትዘረጋልሽና የፈለግሽውን ያርድ ትቆርጣለች። ጫፉ ላይ ያለችው ወረቀት ዋጋውንና ስፋቱን ትናገራለች።

እናቴ መርካቶ አቡጀዲ ስትገዛ «ጣቃው ስንት ክንድ ይወጣዋል?» ብላ ነበር የምትጠይቀው። እነሱም ዘንድ እንደዚያው ነው፤ የአንድ ቦልት ርዝመት እንደ ጨርቁ ዓይነት ይለያያል። አማርኛችን ለዚህ ጣቃ የሚል የራሱ ቃል እያለው ተርጓሚዎች «የጨርቅ ጥቅል» እያሉ ሲጽፉ ያሳዝነኛል።

የዜማ ቤት ልጅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር እየቆረቆረኝ ነው። ስለ እንግሊዞቹ ፍላጻ እየተደነቅን የራሳችንን ረሳነው።

የማታ አስተማሪ ገና ከመጀመሪያው «የበር መወርወሪያ» ብሎ ጽፏል። ቃሉን ቆም ብላችሁ እዩት። መወርወሪያ። ወረወረ ከሚለው ግሥ ነው፣ ጦር ወረወረ፣ ድንጋይ ወረወረ ከምንልበት። መዝሙር 147 ላይ ስለ ኢየሩሳሌም «የደጆችሽን መወርወሪያ አጽንቶአልና» ይላል።

የዱሮውን ትልቅ በር ያየ ሰው ይገባዋል። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ውስጥ ጥልቅ ቀዳዳ አለ፣ ወፍራም የወይራ ወይም የጥድ አግዳሚ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይውላል። ሲመሽ ጫፉን ይዞ በአንድ ጉልበት መሳብ ነው፤ በበሩ ላይ ተንሸራቶ ማዶ ካለው ቀዳዳ ይሰካል። እንግሊዞቹ የበር መዝጊያቸውን በፍላጻ ስም ጠሩት። የኛዎቹም አግዳሚው የሚወረወር ነው ብለው ስም ሰጡት። አንዱ ከሌላው አልሰማም፤ ሁለቱም አንድ ነገር አይተው አንድ ነገር አሰቡ።

ሽሮሜዳ

የዜማ ቤት ልጅ፣ ጥሩ ብለሃል፣ ግን እዚያ ላይ አትቁም። እኛ ሸማኔዎች ዘንድ መወርወሪያ ሌላ ነው። ድርና ማግ ሲሠራ ማጉን ይዛ በድሩ መሐል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የምትመላለሰው ያቺ መሣሪያ መወርወሪያ ነው የምትባለው። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ እግሩ ሲረግጥ ድሩ አፉን ይከፍታል፣ በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀልባታል፤ ዓይን አይከተላትም። መጽሐፈ ኢዮብም «ዘመኔ ከሸማኔ መወርወሪያ ይልቅ ይቸኩላል» ሲል ይህችኑ ነው።

እንግዲህ ዮናስ ቅርጽና ፍጥነት ያልከው የኛም ቃል ላይ አለ። በሩ ላይ ያለው መወርወሪያ ይዞ ያጸናል፤ ሸማኔው እጅ ያለችው ትፈጥናለች።

ዮናስ ፍራንክፈርት

ሽሮሜዳ፣ ይህን በማንሣትህ በጣም ደስ ብሎኛል። ምክንያቱም እንግሊዝኛው ውስጥ ሌላ ቃል አለ፣ ያንተን ቃል እግር በእግር የሚከተል።

እንግሊዞች የሸማኔውን መወርወሪያ «ሸትል» ይሉታል። በጥንቱ ቋንቋቸው ይህ ቃል ፍላጻ፣ የሚወረወር ነገር ማለት ነበር። «ሹት» ከሚለው፣ መተኮስና መወርወር ከሆነው ግሥ ሥር ነው የወጣው። ያው ሥር በሌላ በኩል «ሸት»ን ወለደ፤ ዛሬ መዝጋት የምንለው፣ በር ዝጋ ስንል የምንጠቀምበት። ሸት በመጀመሪያ ትርጉሙ የበሩን ዘንግ ገፍቶ ማስገባት ነበር። የበሩን ቦልት መቀርቀርንም እስከ ዛሬ «ቦልቱን ሹት አደረገ» ይላሉ።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ከአንድ የመወርወር ሥር የሸማኔው መሣሪያም በር መዝጋትም ወጡ። በአማርኛም ከወረወረ የሸማኔው መሣሪያም የበሩ ማጽኛም ወጡ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሁለት ቋንቋ ግጥጥሞሾች የዚህን ያህል ልቤን የነካው የለም። ለተማሪዎቹ የምትሰጠው ሥር ይህ ነው፣ የማታ አስተማሪ። ወረወረን ያውቁታል። ከእሱ ተነሥ።

ገብሬ ታሪክ

በር ከተነሣ ጠመንጃም ይነሣ። እንግሊዞች «ቦልት አክሽን» የሚሉት የጠመንጃ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከበሩ ነው። ከኋላ ያለውን ብረት ገፋ አድርገህ ጥይቱን ታስገባለህ፣ ከዚያ እጀታውን ወደ ታች ትቆልፋለህ፤ በር ስትቀረቅር እጅህ የሚሠራውን ነው የሚሠራው።

አባቶቻችን ወጅግራ ያሉት የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው፣ ከዚህ ወገን ነው። አንድ ጥይት አጉርሶ፣ ተኩሶ፣ ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ እንደገና ማጉረስ። ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት ውስጥ እሱን የያዙ ብዙ ነበሩ። «አቀባበለ» የምንለው ግሥ ያንን የእጅ ሥራ እንዳለ የሚገልጽ ነው፤ አሁንም ማንኛውንም ጠመንጃ እናቀባብላለን እንላለን።

አቤል ቃሊቲ

ታዲያ ጃማይካዊው ሯጭ ዩሴይን ቦልትስ? ስሙ ከዚህ ጋር ይሄዳል?

ትርሲት ሐዋሳ

የቤተሰብ ስሙ ነው፣ ለሩጫው ብሎ ያወጣው አይደለም። ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁሉ ሲሰማው መብረቁ ነው የሚታየው፤ እሱም ሲያሸንፍ እጁን የሚዘረጋው ቀስት እንደሚስብ ሰው ነው። መብረቁም ፍላጻውም በአንድ ምልክት መጡ። በርሊን እ.ኤ.አ. በ2009 100 ሜትሩን በ9.58 ሲጨርስ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት የነበርነው ቀነኒሳን ልናይ ነበር፣ በዚያው ሻምፒዮና 5000ውንም 10000ውንም ወሰደልን።

መብረቁን ካነሣን «ቦልት ፍሮም ዘ ብሉ» የሚለውንም አስተምራቸው። ጥርት ካለ ሰማይ የወረደ መብረቅ ማለት ነው። ጸሐፊው ቶማስ ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1837 ባሳተመው የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። አማርኛው ዱብ ዕዳ ነው፣ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

የማታ አስተማሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጠበቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት።

ለነገ ትምህርቱን እንዲህ አሰናዳሁት። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ መወርወሪያ ብዬ እጽፋለሁ፣ ሁለቱን ትርጉም ራሳቸው እንዲያወጡ። ከዚያ ፍላጻውን እሥላለሁ፤ በአንድ በኩል ቅርጽ፣ በሌላ በኩል ፍጥነት። ትርሲት የሰጠሽን መለያ በስተመጨረሻ ለመልመጃ አደርገዋለሁ። ጋሼ ያሉትን ብሎን ይዛችሁ ኑ ብያቸዋለሁ፤ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ይዘው ይመጣሉ።

አንድ የቀረኝ አለ። ጋሼ፣ ራስ የሌለው፣ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ብሎን አለ አይደል? የጭስ ማውጫው የሚታሰርበት። እሱንም ቦልት ብዬ ላስተምር?

የፍሬን ሰው

እሱ በእንግሊዝኛው «ስተድ» ነው፣ ለይተህ አስተምራቸው። አንዱ ጫፍ ብሎኩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ዳዶ ይገባል። ዳዶውን ሲፈቱ አብሮ ከወጣ መልሰው ሲያስገቡ በዳዶ እንዳያጠብቁት ንገራቸው፤ ሁለት ዳዶ እርስ በርሱ አስጨንቀው በሁለተኛው ነው የሚያዞሩት።

መፍቻውንም አብረህ አስተምር። የ8 ሚሊ ብሎን የጃፓን መኪና ላይ ብዙ ጊዜ በ12 መፍቻ ይፈታል፣ የአውሮፓ ላይ በ13። የ10 ሚሊው የጃፓኑ 14፣ የአውሮፓው 16 ወይም 17። የ13ቱን መፍቻ የጃፓኑ ላይ የሚሞክር ልጅ የብሎኑን ራስ ያከበዋል። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ የብሎን ቁጥር ሲያነቡ የሚነገራቸው የዘንጉ ውፍረት እንጂ የመፍቻው አለመሆኑን ካላወቁ ይሳሳታሉ።

ሰናይት ሚላኖ

ያንን ራስ የለሹን ጣሊያኖች «ፕሪጆኒዬሮ» ይሉታል፣ እስረኛ ማለት ነው። ብሎኩ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር።